ፎሌ እንዳታደርጋት

ጎሽ አምባ ላይ ቀኑ የሚጀምረው ከምሰሶው ፊት ነው። ወደ ቆላው ከተማ የሚወርድ ሰው ሁሉ ቀበሌው ደጃፍ የቆመው ምሰሶ ዘንድ ሄዶ ስሙንና የሚሄድበትን ይናገራል። ምሰሶው ይሰማና ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ሰውየው ጫማውን ያያል፣ ኮሌታውን ያቃናል፤ አንዳች ጥፋት ያለበት ይመስለዋል። «ተጓዥ፣ ጉዞዎ ተፈቅዷል» ሲባል ነው ትንፋሹ የሚመለሰው። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ይገባል፣ ቀበቶውን ያስራል፤ መኪናዋም ማንም ሳይነካት ትነሳለች።

ዘመኑ 2072 ዓመተ ምሕረት ነው። መኪና መንዳት የሚባል ሙያ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የሚነዳው ማዕከሉ ነው። ማዕከሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጎሽ አምባ ላይ የለም፤ ጠይቆም የሚያውቅ የለም።

መንገዱ ግን አስቸጋሪ ነው። ሠላሳ አንድ ኩርባ አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ገደሉ እየተናደ መልኩን ይቀይራል፤ በዚህ የተነሳ ማዕከሉ «በከፊል የማይታወቅ» ብሎ መዝግቦታል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ መኪና የሚፈቀደው ደግሞ የእጅ ፈቃድ ያለው ሰው መሪው ፊት ከተቀመጠ ብቻ ነው። ያ ሰው አቶ ዳግም ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሪው ፊት ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ወረዱ፤ እጃቸውን አጣጥፈው ወጡ። አንድ ቀን እንኳ መሪውን ሲነኩ ያያቸው የለም። ኅዳር ላይ በሞቱ ጊዜ ነው፣ መኪናዋ በእሳቸው ትከሻ ላይ እንደነበረች አገሩ የገባው።

በተቀበሩ በማግስቱ ምሰሶው ተናገረ። «ውድ ነዋሪዎች፤ በስልሳ ቀን ውስጥ ሌላ ባለ እጅ ፈቃድ ካልቀረበ የጎሽ አምባ መስመር ይዘጋል። እስከዚያው መኪናዋ በጊዜያዊ ፈቃድ ትሄዳለች። ከተዘጋ ለሁላችሁም የተሻለ አድራሻ ይሰጣችኋል።»

ሶልያና ይህን ሰምታ እየተቻኮለች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሮቤል ስልሳ ሰባት። ደም ግፊት መጀመሪያ ድምፁን ወሰደበት፣ ቀጥሎ ኩላሊቱን። ማክሰኞና ዓርብ ከተማ ወርዶ ደሙ መታጠብ አለበት። መስመሩ ከተዘጋ ለሮቤል ሆስፒታሉ አጠገብ «የአልጋ አድራሻ» ይሰጠዋል። የአልጋ አድራሻ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ጤነኛ ሚስት ሌላ ቦታ ትመደባለች፤ ባሏን በሳምንት ሁለት ጊዜ በስክሪን ታየዋለች።

ድምፅ ያለው ሰው በስክሪንም ቢሆን ያወራል። ሮቤል በስክሪን ምን ይላል? የእሱ ንግግር በመዳፉ ነው። ወጣት ሳለ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። የረዳት ቋንቋ የመኪናውን ገላ መምታት ነው፤ አንዴ ከመታ ቁም፣ ሁለቴ ከመታ ሂድ። ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ይህንኑ ቤት ውስጥ አመጣው። ሾርባው ጨው አንሶታል ወይ ስትለው ጠረጴዛውን አንዴ ከመታ አላነሰውም፤ ሁለቴ ከመታ ጨምሪበት። ስትከፋ ደግሞ ክንዷን ይዞ ቀስ አድርጎ ሁለቴ ይመታዋል። ሂጂ፣ አይዞሽ፣ መንገዱ ሰላም ነው ማለቱ ነው። ይህንን በየትኛው ስክሪን ይልከዋል?

በሃያኛው ቀን መምህር ኪሩቤል ለፈተና ቀረበ። የተማረ ሰው ነው፤ ሁለት መቶ ገጹን መመሪያ በቃሉ ይዞታል። መሪውን ይዞ ወረደ። አሥራ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከጎማዎቹ ጭስ ወጣ፤ ማዕከሉ መኪናዋን ቀምቶ ከግንቡ ጋር አስደግፎ አቆማት። መምህሩ በእግሩ ተመለሰ።

«ሁሉንም ምክር ተቀብያለሁ እኮ!» አለ፣ አቧራውን ሳያራግፍ። «አንድም አላስቀረሁም። በዚህ ግባ አለኝ፣ ገባሁ። ይህን ንካ አለኝ፣ ነካሁ። ታዲያ ፍሬኑ ለምን ነደደ?»

ማዕከሉ ራሱ ሲነዳ የሚያደርገውንና ለሰው የሚመክረውን አስተያይቶ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሮቤል በከዘራው ከአልጋ ሥር እየሳበ አንድ ካርቶን አወጣ። ከውስጡ የጨዋታ ሳጥን፣ የፕላስቲክ መሪ፣ ሦስት መርገጫና የማርሽ ዘንግ ወጡ። ሶልያና አየቻቸውና ሳቋ መጣ።

«አንተዬ፣ አሞሃል እንዴ? አገር ሊፈርስ ነው፣ አንተ ጌም ታወጣለህ?»

ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ።

የጨዋታው ስም «ቁልቁለት» ነው። የዛሬ አርባ አምስት ዓመት ሁለት ወጣቶች የሠሩት የእሽቅድምድም ጨዋታ ነበር። በዚያ ጊዜ ጌም ቤት የሚገባ ሁሉ ኳስ ነው የሚጫወተው፤ መኪና የፈለገም በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና ነው የሚፈልገው። «ቁልቁለት» ደግሞ ከተራራ አናት ላይ አርባ ኩንታል ሽንኩርት ጭነህ፣ ከሌሎች አምስት ጭነት መኪኖች ጋር ተሽቀዳድመህ ቆላ ገበያ ድረስ ውረድ የሚል ነው። የሞከረው ሁሉ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን አቃጥሎ ገደል ገባና፣ «የኤሊ እሽቅድምድም» ብሎ ተሳልቆበት ሄደ። ከአንድ ዓመት በኋላ ልጆቹ ቢሯቸውን ዘጉ። የመጨረሻዋን ሳጥን ከነመሪዋ የሰጡት ለሮቤል ነበር። ምክንያቱም ጨዋታው ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የሚጮኸው ረዳት እሱ ነው። እውነተኛ ረዳት ፈልገው ከመናኸሪያ ወሰዱት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ማይክ ፊት አስቀምጠው ሲያስጮኹት ሰነበቱ።

ሶልያና ይህን ታውቃለች፤ ጨዋታውን ግን ነክታው አታውቅም። የልጅ ነገር ነው ብላ አልፋዋለች። አሁን የፕላስቲኩን መሪ ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ እግሯን መርገጫው ላይ አስቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ጉም የለበሰ ተራራ መጣ። በዚህ ጊዜ ሁለት የመዳፍ ምት ተሰማ፤ ከዚያ ድምፅ መጣ።

«ሳበው ሹፌሬ! ምን ትጠብቃለህ፣ ሙዚቃ ልክፈትልህ?»

የሮቤል ድምፅ ነው። የሃያ ሁለት ዓመቱ ሮቤል፣ ያቺ ጫፏ ላይ የምትሰበረዋ፣ ሁልጊዜ ሳቅ የተሸሸገባት ድምፅ። ሶልያና አራት ዓመት አልሰማችውም። እጇ ከመሪው ወረደ።

«መሪውን! መሪውን ያዝ አንተ ሰው! ኧረ ገደል ነው!»

መኪናዋ ገደል ገባች። ሶልያና አላየቻትም። ባሏን ነበር የምታየው። እሱም መሬት መሬት ያያል፤ እንዳፈረ ሰው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አልጋ ሥር አስቀምጠኸው?» አለችው፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «እላዩ ላይ ተኝቼ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሶልያና ሥራ ይኸው ሆነ። ጠዋት ጓዳዋን ታሰናዳለች፤ የሮቤልን መድኃኒት ትሰጣለች፤ ከዚያ ተቀምጣ ቁልቁል ትወርዳለች። ጎረቤቷ ሄመን በበሩ ብቅ እያለች ትነጀሳታለች።

«ሶሊ፣ በእርጅናሽ ጌም ጀመርሽ? ነገ ደግሞ ፀጉርሽን ቀለም ትቀቢያለሽ!»

«ዝም በይ፣ አራተኛው ኩርባ ላይ ነኝ።»

«ትናንትም አራተኛው ላይ ነበርሽ።»

እውነቷን ነው። አራተኛውን ማለፍ አልቻለችም። ዘንጉ ላይ መሐል የምትገኝ ባዶ ቦታ አለች፤ ማርሹ እዚያ ሲገባ መኪናዋ ድምፅ አታሰማም፣ አትንገጫገጭም፣ እንደ ውኃ ትፈስሳለች። ሶልያና ይህ ደስ አላት። መኪናዋም ታርፍ ብላ እዚያ ከተተቻት። ወዲያው ረዳቱ አበደ።

«ፎሌ! ፎሌ አደረጋት! ኧረ የሰው ያለህ! ፎሌ እንዳታደርጋት አላልኩህም? ፎሌ ካደረግሃት እኔ ወራጅ ነኝ! መሪ ነው የያዝከው ወይስ የእናትህን ነጠላ?»

ሶልያና ሳቀች፤ መኪናዋም ነጎደች፤ ፍሬኑ ጨሰ፤ ገደል። ዞር ስትል ሮቤል ግንባሩን ይዟል። ከዚያ ተነስቶ መጣና እጇን ዘንጉ ላይ አድርጎ፣ በራሱ እጅ ጨብጦ፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወሰደው። መኪናዋ አጉረመረመች። ያዘች። እየተነጫነጨች፣ እያቃሰተች፣ ግን በራሷ ጉልበት ራሷን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች።

«ሞተሩ ይያዛት» አለ ረዳቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፍሬንህን ለክፉ ጊዜ አስቀምጣት። ሌሎቹ ይለፉህ፤ ታች ታገኛቸዋለህ።»

እንዲህ ሆነ። አምስቱም መኪኖች እየከነፉ አለፏት። ሰባተኛው ኩርባ ላይ አንዱን ፍሬኑ ነድዶ ግንብ ተደግፎ አገኘችው፤ አሥረኛው ላይ ሁለቱን። ከሃያ ቀን በኋላ ገበያው ድረስ አንድም ሽንኩርት ሳታፈስ ገባች። ሁለት የመዳፍ ምት ተሰማ፤ ረዳቱም «አንተ ሹፌር ነህ!» አለ። ሶልያና ጨዋታው እንደ ወንድ ስለሚያናግራት መቀየሙን ትታዋለች። ሄመን አጨበጨበችና «ተነሺ፣ እኔ ልሞክር!» ብላ መሪውን ነጠቀቻት።

ሶልያና ቀበሌ ሄዳ ለእጅ ፈቃድ ተመዘገበች። ፈተናዋ ዓርብ ሆነ፤ ሃምሳ ስምንተኛው ቀን ላይ። ፈታኟ ማራኪ ትባላለች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ማዕከሉ የሚናገርበትን ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ። ደንቡ ፈተናው እንደ ወትሮው መንገደኛ ተጭኖ ይሁን ስለሚል ሮቤል ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ሄመን ከጎኑ።

«እማማ፣ ተዘጋጅተዋል?» አለች ማራኪ። «ማዕከሉ ምክር ይሰጥዎታል። ምክሩን ሦስት ጊዜ ያልተቀበለ ሰው ፈተናው ይቋረጥበታል። ይህን ይወቁት።»

ሶልያና መሪውን ያዘች። ከፕላስቲኩ ይከብዳል። ይህች መኪና አሮጌ ማርሽ የላትም፤ ሁለት መርገጫና አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያላት። ዘንጉ ሲጎተት «ያዥ» የሚል፣ ሲገፋ «ነፃ ጉዞ» የሚል ጽሑፍ ይበራል። «ያዥ» ላይ አደረገችው። መኪናዋ አጉረመረመች። ይህንን ማጉረምረም ሶልያና ከጨዋታውም፣ ማዕከሉ ራሱ ሲነዳም ታውቀዋለች። ትከሻዋ ትንሽ ረገበ።

ሦስት ኩርባ አለፉ። አራተኛው ላይ ማዕከሉ በለሰለሰ ድምፅ መጣ።

«ለመንገደኞች ምቾት ነፃ ጉዞ ይምረጡ።»

መምህር ኪሩቤል ትናንት መክሯታል። ሁሉንም ተቀበይ፣ እያንዳንዱ ነጥብ አለው ብሏታል። ሶልያና ዘንጉን ወደ ነፃ ጉዞ ገፋ አደረገችው። ድምፁ ጠፋ። ንዝረቱ ጠፋ። መኪናዋ እንደ ውኃ ፈሰሰች። ደስ የሚል ነገር ነበር።

ከኋላ አንድ ምት ተሰማ። ጠንካራ፣ አንድ ብቻ።

«ወይኔ!» አለች ሶልያና። «ይቺ እኮ ፎሌ ናት!»

ዘንጉን መልሳ ጎተተችው። መኪናዋ አቃሰተችና ያዘች።

«ምክር አልተቀበሉም። አንድ» አለ ማዕከሉ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት?» አለች ማራኪ።

«ስሟን ለውጠውባት ነው ልጄ። አላወቅኋትም ነበር።»

አሥራ አንደኛው ላይ ማዕከሉ ደገመው፤ ነፃ ጉዞ ይምረጡ። ሶልያና ዘንጉን በመዳፏ ሸፍና አጥብቃ ያዘችው። «ምክር አልተቀበሉም። ሁለት።» ከዚህ በኋላ አንድ ቀርቷታል። መምህሩ የጨሰበትን ቦታ አለፉ። አሥራ አምስት። አሥራ ስምንት። ሶልያና በየኩርባው የማዕከሉን ድምፅ ትጠብቃለች።

አሥራ ዘጠነኛውን ሲዞሩ መንገዱ ግማሹ የለም።

ትናንት ያልነበረ ናዳ ወርዶ በውስጥ በኩል ተከምሯል። በውጭ በኩል የቀረው አንድ መኪና የምታልፍበት ብቻ ነው፤ ያውም ወደ ኋላ ተመልሳ አቅጣጫዋን ካስተካከለች። ሶልያና ቆመች። የኋላውን የሚያሳየው ስክሪን በአቧራ ተሸፍኖ ጠቁሯል።

«የኋላ እይታ የለም» አለ ማዕከሉ። «መንገዱ አይታወቅም። ምክር የለም። ውሳኔው የእጅ ነው።»

ማራኪ ደብተሯን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። «በእጅ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና አይቼ አላውቅም» አለች፣ ቀስ ብላ።

የኋላው በር ተከፈተ። ሮቤል ከዘራውን አስቀድሞ እየወረደ ነው።

«ተጓዥ መውረድ አይፈቀድለትም!» አለች ማራኪ።

«ተጓዥ አይደለም» አለች ሄመን። «ረዳት ነው።»

ሮቤል ከመኪናዋ ኋላ ሄደ፤ ቆሞ ገደሉን አየ፤ ጎማውን አየ። ከዚያ መዳፉን የመኪናዋ ገላ ላይ አሳረፈ።

ጧ፣ ጧ።

ሶልያና ወደ ኋላ ለቀቀቻት። ከኋላዋ ያለውን አታይም፤ የምታውቀው እጁን ብቻ ነው። ጧ፣ ጧ። ትንሽ። ጧ፣ ጧ። ትንሽ ደግሞ። ማራኪ ዓይኗን ጨፈነች። ጧ፣ ጧ። ሶልያና ግን ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ክንዷን ይዞ የሚመታት ያህል ነበር የተሰማት።

ጧ።

ቆመች። ሄመን በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችና ወዲያው መለሰችው። በጎማውና በገደሉ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። ይህንን የተናገረችው ከሳምንት በኋላ ነው።

ሶልያና መሪውን አጠፈች፤ ወደ ፊት ቀስ ብላ ሳበቻት፤ በጠባቡ በኩል ድንጋይ እየረገጠች አለፈች። ሮቤል እያነከሰ ደረሰባቸው። ገብቶ በሩን ዘጋና ውስጥ ሆኖ ሁለቴ መታ። ሄመን ከት ብላ ሳቀች፤ ማራኪም አብራት ሳቀች፤ ለምን እንደምትስቅ ግን አላወቀችም።

ከዚያ በታች ያለውን መንገድ ማዕከሉ አንዴ «የማይታወቅ» ብሎታልና ሦስተኛዋን ምክር አልሰነዘረም። የቀሩትን አሥራ ሁለት ኩርባዎች ሶልያና በ«ያዥ» ወረደቻቸው።

ታች ሲደርሱ ሮቤል መጀመሪያ ያደረገው ነገር መዳፉን ጎማው መሐል ያለው ብረት ላይ ማስጠጋት ነበር። ድሮ ረዳቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ማራኪ አየችውና እሷም እጇን አስጠጋች።

«ለብ ብሎ ነው ያለው» አለች፣ ተገርማ። «የመምህሩ ጊዜ እኮ ከሩቅ ይፋጅ ነበር።»

ደብተሯን ከፈተች። «እማማ፣ ምክር ሁለቴ አልተቀበሉም። ምክንያቱን መሙላት አለብኝ። ምን ልበል?»

«ፎሌ ስለሆነ በይዋ።»

«ቃሉ አልታወቀም» አለ ማዕከሉ ከደብተሩ ውስጥ። «ያብራሩ።»

ሶልያና ማዕከሉን አናግራ አታውቅም፤ ለምሰሶው ስሟንና የምትሄድበትን ከመንገር በቀር።

«ፎሌ ማለት መኪናን ያለ ያዥ መልቀቅ ነው» አለች። «ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑን ብቻውን ትተወዋለህ። ብቻውን ሲቀር ይቃጠላል። በቃ ይኸው ነው።»

ማዕከሉ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ማራኪ ጫማዋን አየች። ሄመን ነጠላዋን አስተካከለች። ሶልያና የሮቤልን እጅ ይዛ ነበር፤ ሆስፒታሉ ከቆሙበት ይታያል፤ የአልጋ አድራሻዎቹ ነጫጭ መስኮቶችም ይታያሉ።

«የፍሬን ሙቀት፣ በዚህ መስመር ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው» አለ ማዕከሉ። «ወይዘሮ ሶልያና፣ የእጅ ፈቃድ ተሰጥቶዎታል። ፎሌ የሚለው ቃል ተመዝግቧል።»

ሄመን እልል አለች። ሶልያና አልጮኸችም፤ እዚያው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ስልሳ ቀን አፍና የያዘችውን ትንፋሽ አንድ ላይ ለቀቀችው። ሮቤል ትከሻዋን ሁለቴ መታት። ቀጠሮ አለብኝ፣ ተነሺ ማለቱ ነው።

ማራኪ ስትሰናበታቸው አንድ ነገር ጠየቀች። «እማማ፣ እንደ ጎሽ አምባ ያሉ አሥራ አራት መንደሮች አሉብኝ። ፈታኝ ሆኜ ያሳለፍኩት ሰው እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። የት ነው የተማሩት?»

«ጌም ላይ» አለች ሄመን ቀድማ። «ከእኔ ያነሰ ነጥብ ነው ያላት።»

በሳምንቱ ማራኪ ጨዋታውን ልትቀዳ መጣች። ተቀምጣ ሞከረችው፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ገደል ገባች፤ «አንዴ ብቻ ልድገም» እያለች እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሳችም። አርባ አምስት ዓመት ሰው ያልፈለገው «ቁልቁለት» እንዲህ ሆኖ ተራራ ለተራራ መዞር ጀመረ። አሁን በአሥራ አራት መንደር ሰው ሁሉ በሮቤል ድምፅ ይሰደባል።

ሶልያና ዛሬ ማክሰኞና ዓርብ መሪው ፊት ትቀመጣለች። እንደ አቶ ዳግም እጇን ታጣጥፋለች። ማዕከሉ ይነዳል። እሷ ግን ዓይኗ ከኩርባው ማዶ ነው፤ ባሏም ከበሩ አጠገብ ነው።

ከሆስፒታል በተመለሱ ቀን፣ ሮቤል ደክሞት ሶፋው ላይ ጋደም ሲል፣ ሶልያና ሳጥኗን ትከፍታለች። አሁን ጨዋታውን እየሳቀች መጨረስ ትችላለች፤ አምስቱንም መኪኖች ታች ታገኛቸዋለች። አንዳንዴ ግን አራተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ባሏን በጎን ታየዋለች፤ እሱም ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶት ግንባሩን ይይዛል። ሆን ብላ ዘንጉን ወደ ባዶው ቦታ ትገፋዋለች።

«ፎሌ! ፎሌ አደረጋት! ኧረ የሰው ያለህ!»

መኪናዋ ሽንኩርቷን እየበተነች ገደል ትገባለች። ሮቤል ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ከዚያ የሶፋውን እንጨት በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፤ እሷም እንደገና ከተራራው አናት ትነሳለች።